ልጄ ጆሮው ውስጥ ያሉትን ሰዎች እንጂ እኔን አይሰማም

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ እህቴ፣

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ኡበር እነዳለሁ። ባለቤቴ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ሺፍት ትሠራለች። እዚሁ የተወለዱ ሁለት ልጆች አሉን፤ የ19 ዓመት ወንድና የ16 ዓመት ሴት። እኔ አገር ቤት፣ ደሴ፣ አስተማሪ ነበርኩ። የመጣነው በዲቪ ነው።

ልጄ ክፉ ልጅ አይደለም። መጠጥ አያውቅም፣ ሲጋራ አያውቅም። ቀን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ይማራል፣ ማታ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይጭናል። ሃይስኩል ሲጨርሱ ጓደኞቹ በየዩኒቨርሲቲው ተበተኑ፤ እሱ ብቻውን እዚህ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ኤርፖዱ ከጆሮው ወጥቶ አያውቅም። ሲበላም፣ ጂም ሲሄድም፣ ሲተኛም አብሮት ነው። የሚሰማው ሦስት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብለው የሚያወሩ ፈረንጆችን ነው። መጀመሪያ ስለ ቦክስና ስለ ጤና የሚያወሩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። እያደር ግን የልጁ አነጋገር ተለወጠ። ስለ ሴት፣ ስለ ስደተኛ የሚናገረው ሁሉ ከእሱ የወጣ አልመስል አለኝ።

ባለፈው ፋሲካ ቤታችን ዘመድ ተሰብስቦ ነበር። የባለቤቴ ወንድምም ነበረ። እሱ አሳይለም ጠይቆ ዓመታት ሙሉ ቀጠሮ የሚጠብቅ ሰው ነው። ዶሮው ተበልቶ፣ አቦሉ ተቀድቶ ሳለ የኢሚግሬሽን ወሬ ተነሳ። ልጄ ኤርፖዱን አወጣና በእንግሊዝኛ፣ «ዲቪ መዘጋት አለበት። አገር ሰው የሚያስገባው በሎተሪ አይደለም። አሳይለም ጠያቂዎቹም አብዛኞቹ ውሸታሞች ናቸው» አለ። እህቱ፣ «እማዬና አባዬ በምን የመጡ ይመስልሃል?» ብትለው፣ «አንቺ ሴት ነሽ፣ ፖለቲካ አይገባሽም» አላት። የባለቤቴ ወንድም ፈገግ ለማለት ሞከረ። ስኒውን ከነግማሹ ረከቦቱ ላይ መለሰና ጃኬቱን ፈልጎ ወጣ። ቶናውን እንኳ አልጠበቀም።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ደሜ ፈላ። ዘመድ ፊት ጮህኩበት። «ከቤቴ ውጣልኝ» አልኩት። የዋይፋዩን ሳጥን ከግድግዳው ነቅዬ ወረወርኩት። አልወጣም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ ሳሎን ስገባ እሱ ይወጣል።

ባለቤቴ «ተወው፣ ዕድሜው ነው፣ ያልፍለታል» ትላለች። ወንድሜ «አስወጣው፣ ኑሮ ያስተምረዋል» ይላል። ንስሐ አባታችንን ላምጣበት? የስልኩን የምከፍለው እኔ ነኝ፤ ልቁረጥበት? ፖለቲካ የማይገባኝ ሰው አይደለሁም፤ መኪና ውስጥ ቀኑን ሙሉ የአገር ቤት ፖለቲካ በዩቲዩብ ስሰማ ነው የምውለው። የእሱ ግን መልሱ ጠፋኝ። በእንግሊዝኛ ሲከራከረኝ ቃል አጥሮኝ እቀራለሁ። ምን ባደርግ ይሻላል?

አንገቱን የደፋ አባት፣ ከቨርጂኒያ

መልስ

ወንድሜ፣

ከሁሉ በፊት ያሳሰበኝ ቡናውን ሳይጨርስ የወጣው የባለቤትዎ ወንድም ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ። አሁን ግን ስለ እርስዎ እናውራ።

ደብዳቤዎ ውስጥ ሁለት ቁስል ያለ ይመስለኛል። አንዱ እንግዳ ፊት መዋረድዎ ነው። ሌላው ጠለቅ ይላል። ልጅዎ ዲቪን ሲያጣጥል፣ እርስዎ አስተማሪነትዎን ጥለው የመጡበትን መንገድ ነው ያጣጣለው። እሱ የተወለደው እርስዎ በዚያ መንገድ ስለመጡ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከጠላት አፍ ቢወጣ ይቻላል። ከልጅ ሲወጣ ግን አጥንት ይሰብራል። የትኛው ነው የበለጠ ያመመዎት? ይህን የምጠይቅዎት ለይሉኝታ ብለው የሚናገሩትና ለእውነተኛው ሕመምዎ ብለው የሚናገሩት ነገር ስለሚለያይ ነው። ልጁ እስካሁን የሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። እሱም በጩኸት።

አሁን እነዚህ ጆሮው ውስጥ ያሉ ሰዎች እነማን እንደሆኑ እንይ። ስም ባይጠቅሱልኝም ሦስት ሰዓት የሚያወራው ምናልባት ጆ ሮጋን ሊሆን ይችላል። ኮሜዲያን ነው፤ ዩኤፍሲ የሚባለውን የቡጢና የትግል ውድድርም ያስተላልፋል። ፖድካስቱን፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚሰማውን የወሬ ፕሮግራሙን፣ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። አብዛኛው ወሬው ፖለቲካ አይደለም። ስለ ፍልሚያ፣ ስለ አደን፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ህዋ ያወራል። ፖለቲካው የሚመጣው በመሃል ነው፤ በሳቅና በጨዋታ መሃል። ሰሚው ፖለቲካ ልስማ ብሎ አልተቀመጠም። ለዚህም ነው ሳያስበው ውስጡ የሚገባው።

ፖለቲከኞቹ ይህን በደንብ ያውቃሉ። በ2024ቱ ምርጫ ዶናልድ ትራምፕ ወጣት ወንዶች የሚያዘወትሯቸውን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ ዞረዋል። በኢንተርኔት በቀጥታ የሚያስተላልፈው አዲን ሮስ ጋ ሄደዋል፤ ኮሜዲያኑ ቲዮ ቮን ጋ ሄደዋል። ኦክቶበር 25 ደግሞ ሮጋን ጋ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ተቀምጠው አወሩ። ያ ቪዲዮ በሳምንት ውስጥ ዩቲዩብ ላይ ብቻ ከ30 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታየ። በምርጫው ዋዜማ ሮጋን ለትራምፕ ድጋፉን ሰጠ። ትራምፕ ያሸነፉ ሌሊት ደግሞ የዩኤፍሲው አለቃ ዴና ዋይት መድረክ ላይ ወጥቶ እነዚህን ፖድካስተሮች በየስማቸው እየጠራ አመሰገነ። ልጅዎ ብቻውን የጠፋ እንዳይመስልዎት ነው ይህን የምነግርዎት። ፒው የተባለው የጥናት ተቋም በዚያው ዓመት ባወጣው ጥናት፣ ከ30 ዓመት በታች ካሉ አሜሪካውያን 37 ከመቶው ዜና አዘውትረው የሚያገኙት ከኢንፍሉዌንሰሮች፣ ማለትም ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ብዙ ተከታይ ካላቸው ሰዎች ነው። ከእነዚህ ኢንፍሉዌንሰሮች ደግሞ 77 ከመቶዎቹ ከየትኛውም የዜና ተቋም ጋር ሠርተው አያውቁም።

ግን ለእኔ ከቁጥሩ በላይ የሚናገረው እርስዎ በአንድ መስመር ያለፉት ነገር ነው። «እሱ ብቻውን እዚህ ቀረ» ብለዋል። የ19 ዓመት ልጅ ነው። ጓደኞቹ ሄደዋል። ማታ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይደረድራል። እናቱ ሥራ ላይ ናት። እርስዎም ኡበር ነጂ ስለሆኑ ለማለዳው የኤርፖርት ተሳፋሪ ብለው በጊዜ ይተኛሉ ብዬ እገምታለሁ። በዚያ ሰዓት እንደ ወንድም፣ እንደ አጎት ሆኖ የሚያጫውተው ሰው ማን ነው? ኤርፖዱ ውስጥ ያለው ነው። ያ ሰው አይቸኩልም። አይቆጣም። «ለምን አልተማርክም፣ ለምን ዩኒቨርሲቲ አልገባህም» አይለውም። «ክብደት አንሳ፣ ገንዘብ ሥራ፣ ወንድ ሁን» ይለዋል። ልጁ ሐሳቡን ከመውደዱ በፊት ሰውዬውን ወደደው። ስለዚህ ሐሳቡን በክርክር ልርታው ቢሉ አይሆንልዎትም፤ የሚወደውን ሰው የነኩበት ነው የሚመስለው። ይህን ስል እርስዎን እየወቀስኩ አይደለም። የሰሜን ቨርጂኒያ የቤት ኪራይ በአንድ ሰው ሺፍት እንደማይከፈል አውቃለሁ።

አንድ ነገር ግን ይለዩልኝ። ፖድካስተር ሁሉ አንድ አይደለም። ሮጋንና ቲዮ ቮን ቢወዷቸውም ቢጠሏቸውም አንድ ዓይነት ናቸው። አንድሩ ቴት ሌላ ዓይነት ነው። የቀድሞ ኪክቦክሰር ነው። ሴት በወንድ ሥር ትሁን እያለ የሚሰብክ ሰው ነው። በ2022 ፌስቡክና ኢንስታግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ አባረውታል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሩማንያ ውስጥ ተይዞ በሰው ማዘዋወርና በአስገድዶ መድፈር ተጠርጥሯል፤ እሱ ይክዳል። ኒክ ፉዌንተስ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። የነጭ ብሔርተኝነትን የሚያራምድ ሰው ነው። ጥላቻውን በቀልድ ለውሶ ስለሚያቀርበው ጥቁር ልጅ እንኳ እየሳቀ ሊሰማው ይችላል። ልጅዎ እህቱን «ሴት ነሽ፣ አይገባሽም» ያላት ነገር ከእነዚህ ሰፈር የመጣ ይመስላል። ግን እኔም እርስዎም ገና አናውቅም። ሳንጠይቅ አንፍረድ።

ሁለተኛው መለየት ያለበት ነገር ሐሳብና ንቀት ነው። «ኢሚግሬሽን ይጥበብ» ማለት ሐሳብ ነው። ልጅዎ መራጭ ነው፤ እንደ እርስዎ ማሰብ የለበትም። ቤተ ክርስቲያን አጠገብዎ ከሚቆሙት መሃል እንኳ ለሪፐብሊካን የሚመርጥ አይጠፋም። አጎትን ፊቱ ላይ ውሸታም ማለት ግን ፖለቲካ አይደለም። እህትን ማንቋሸሽም እንደዚያው። በእነዚህ ላይ አባት ነዎትና አይለሳለሱ። በሐሳቡ ላይ ግን ልቅቅ ያድርጉት። በአሁኑ ጊዜ ሁለቱን አንድ ላይ አስረው ስለተቆጡት፣ ልጁ የተቆጡት ሪፐብሊካን በመሆኑ ይመስለዋል።

ወደ ጥያቄዎችዎ ልምጣ። ከቤት አያስወጡት። ወንድምዎ «ኑሮ ያስተምረዋል» ያሉት ለእሱ ዕድሜ ልጅ አይሠራም። ከቤት የወጣ ልጅ ስልኩን ይዞ ነው የሚወጣው። ጆሮው ውስጥ ካሉት ሰዎች በቀር የሚያናግረው ሰው አያገኝም። ስልኩንም አይቁረጡበት። ሥራ አለው፤ በማግስቱ በሠላሳ ዶላር ሌላ መስመር ያወጣል። እነዚያ ሰዎች «እውነቱን እንዳትሰማ ይከለክሉሃል» የሚሉትንም በእጅዎ ያረጋግጡለታል። ንስሐ አባትዎን ሳይነግሩት ጠርተው ፊት ለፊት አያስቀምጡት። ፍርድ ቤት የቀረበ ነው የሚመስለው። ይልቅ እዚያው ተወልዶ ያደገ፣ ከእሱ ጥቂት ዓመት የሚበልጥ፣ እንግሊዝኛውም አማርኛውም የሚሆንለት ዲያቆን ወይም የአክስት ልጅ ካለ፣ ኳስ እንዲጋብዘው ሹክ ይበሉት። ስለ ፖለቲካ እንዳያነሳበት ግን አደራ ይበሉት። ልጁ የሚያስፈልገው ሰው ነው።

ባለቤትዎ «ያልፍለታል» ያሉት ግማሹ እውነት ነው። ሮጋን ራሱ በ2020 መጀመሪያ ላይ በርኒ ሳንደርስን ሳልመርጥ አልቀርም ብሎ ነበር። በ2025 ደግሞ ወንጀል ያልሠሩ የቀን ሠራተኞች መታፈሳቸውን በግልጽ ተችቷል። አዋቂዎቹ እንዲህ ከተገለባበጡ፣ የ19 ዓመት ልጅ እዚያው ቆሞ አይቀርም። ግን ዝም ብሎ አያልፍም። ወሳኙ እስኪያልፍ ድረስ ከማን ጋር እያወራ እንደሚቆይ ነው። ሴት ልጅዎም እስኪያልፍለት ትጠብቅ ሊባል አይገባም።

እንግዲህ ምን ያድርጉ? መጀመሪያ ስለ ጩኸቱ ይቅርታ ይጠይቁት። ስለ ነገሩ አይደለም፤ ስለ ጩኸቱና ስለ ዋይፋዩ ብቻ። «ዘመድ ፊት ከቤቴ ውጣ ማለቴ ትክክል አልነበረም። ይህ ቤት ቤትህ ነው። አጎትህን ያልከው ግን አሁንም አሞኛል፤ ስለ እሱ ሌላ ቀን እናወራለን።» ይህችን ብለው ይውጡ። መልስ አይጠብቁ።

ቀጥሎ መኪናዎን ይጠቀሙ። አባትና ወንድ ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲያወሩ ይጨንቃቸዋል። ጎን ለጎን ሆነው መንገድ ሲያዩ ግን አፍ ይፈታል። ሥራ ሲሄድ «ላድርስህ» ይበሉት። «ከምትሰማቸው አንዱን ክፈትልኝ፣ እኔም ልስማ» ይበሉት። ከልብዎ ይስሙ። አያቋርጡ፣ ራስዎን አይነቅንቁ፣ «እግዚኦ» አይበሉ። የሚያስቅ ነገር ካለ ይሳቁ፤ ደግሞም አለ። ሲያልቅ «ይህን ሰውዬ ምኑን ወደድከው?» ብለው ይጠይቁት። ይህ ጥያቄ «እንዴት በዚህ ታምናለህ?» ከሚለው ይበልጣል። የመጀመሪያውን ለመመለስ ስለ ራሱ ማውራት አለበት። ሁለተኛውን ለመመለስ ግን መከላከል ነው የሚጀምረው።

ከጊዜ በኋላ፣ ወሬው ሲለምድ፣ ስለ ገንዘቡም ይጠይቁት። «እነዚህ ሰዎች ማን ነው የሚከፍላቸው?» ይህ ጥያቄ ወጣቶችን ይይዛቸዋል፤ መታለል አይወዱማ። በሴፕቴምበር 2024 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ያወጣውን ክስ ያንሱለት። ሁለት የሩሲያው የአርቲ ጣቢያ ሠራተኞች አሥር ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ በስውር ቴነሲ ላለ ድርጅት አስተላልፈዋል ይላል። ድርጅቱ ስመ ጥር የሆኑ የኢንተርኔት ተንታኞችን ቀጥሮ ነበር። ለአንዱ በሳምንት ለአራት ቪዲዮ በወር 400,000 ዶላር ይከፈለው ነበር። ተንታኞቹ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ አናውቅም፣ ተታለናል ብለዋል። ልጅዎ ጠቅላላ ሰው ሁሉ ሌባ ነው ወደሚል እንዳይሄድ ግን ይጠንቀቁ። ጥያቄው እንዲቀርለት ብቻ ነው።

ስለ ቲዮ ቮን ደግሞ አንድ ነገር ይያዙ። በ2025 መስከረም ላይ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሰው ከአገር ስለማባረር በሠራው ቪዲዮ ውስጥ የቲዮ ቮንን ክሊፕ አስገባ። እሱ «እኔን ሳታስፈቅዱ» ብሎ እንዲያወርዱት ጠየቀ። ቪዲዮው ወረደ። የቲዮ ቮን አባት ከኒካራጓ የመጣ ስደተኛ ነበር። ልጅዎ ይህን ሰው የሚሰማ ከሆነ፣ «ለምን ይመስልህ ነው ያስወረደው?» ብለው ይጠይቁት። ከዚያ ዝም ይበሉ።

አሁን ትንሽ የሚከብድ ነገር ልንገርዎት። ቀኑን ሙሉ የአገር ቤት ፖለቲካ በዩቲዩብ እንደሚሰሙ ጽፈውልኛል። እርስዎ ስደት ላይ ሆነው የአገርዎ ነገር ቢያንገበግብዎት ተፈጥሯዊ ነው። ግን ልጅዎ ሕፃን ሆኖ ኋላ ወንበር ላይ ታስሮ ሲሄድ የሰማው ምንድን ነው? አንድ ሰው ብቻውን ካሜራ ፊት ቁጭ ብሎ ሲጮህ፣ አንዱን ወገን ሲረግም፣ ሌላውን ሲያወድስ አልነበረም? ቋንቋው ባይገባውም ቃናው ገብቶታል። አዋቂ ወንድ ሲቆጣ እንደዚህ ነው፣ እውነት የሚገኘውም ከእንዲህ ያለ ሰው ነው ብሎ ይዞት ሊሆን ይችላል። እርስዎ እነዚህን ሰዎች ሲሰሙ የሚከፍላቸውን ጠይቀው ያውቃሉ? ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ላይክ አድርጉ የሚሉት ለምን እንደሆነ አስበው ያውቃሉ? ልጁ ይህን መልሶ ቢጠይቅዎት ምን ይሉታል? ቢጠይቅዎት ደስ ይለኛል። ያኔ «እውነትህን ነው፣ እኔም የምሰማውን ልፈትሽ» ቢሉት ከማንኛውም ምክር ይልቅ እሱ ውስጡ ይገባል። ልጆች ባሉበት መኪና ውስጥ ደግሞ ለጊዜው ያጥፉት። ሙዚቃ ይክፈቱ።

ስለ ዲቪ ላንሳ። ልጅዎ የእርስዎን የዲቪ ታሪክ ያውቀዋል? በጥቅሉ ሳይሆን በዝርዝር ማለቴ ነው። ፎርሙን ማን እንደሞላልዎት፣ ፎቶውን የት እንደተነሱ፣ የሕክምና ምርመራውን ገንዘብ ማን እንዳበደረዎት፣ ኤምባሲ ደጃፍ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደተሰለፉ፣ ቆንስሏ ምን ብላ እንደጠየቀችዎት። ብዙ አባቶች ይህን ለልጆቻቸው ነግረው አያውቁም። «ለእናንተ ስል መጣሁ» ብለው ነው የሚያልፉት። ልጁ የሚያውቀው ዲቪ ጆሮው ውስጥ ያሉት ሰዎች የሚያወሩትን ነው እንጂ የእርስዎን አይደለም።

የሚናገረው ነገር ከየት እንደመጣም ይወቁ። ዲቪ ይዘጋ የሚለው ዘመቻ የጋለው በ2017 ነው። በዲቪ የመጣ አንድ ሰው ኒውዮርክ ውስጥ በጭነት መኪና ስምንት ሰው ገደለ። ትራምፕ በማግስቱ ዲቪ ይቅር አሉ። ልጁ ይህን ቢያነሳ አይካዱት፤ እውነት ነው። እርስዎም የሚያውቁትን ይንገሩት። ሕጉ የወጣው በ1990 ነው፤ ዕጣው የጀመረው ለ1995 ነው። በዓመት ከ55,000 በላይ ቪዛ አይሰጥበትም። ዕጣ የወጣለት ሁሉ አይገባም። 12ኛ ክፍል መጨረስ ወይም ሥልጠና በሚጠይቅ ሙያ ሁለት ዓመት መሥራት ያስፈልጋል። ምርመራ አለ፣ ቃለ መጠይቅ አለ፣ የወንጀል ማጣሪያ አለ። «ሎተሪ» ሲባል አየር ላይ የተበተነ ወረቀት የሚመስለው ይህን የነገረው ስለሌለ ይሆናል። ማስረጃዎቹን ከመሳቢያ አውጥተው ያሳዩት። በአማርኛ ይንገሩት። በእንግሊዝኛ እሱ ፈጣን ነው፤ እርስዎ ቃል ሲፈልጉ ይቀድምዎታል። በአማርኛ ግን ዝግ ብሎ ነው የሚሰማው። ሲጨርሱ «ታዲያ አሁን ምን ትላለህ?» አይበሉት። ይተኛበት።

ስለ ሴት ልጅዎ አጭር ነገር ልበል። ብቻዋን አግኝተው «ያልሽው ትክክል ነበር፤ ያን ቀን አንቺን መርሳቴ ያሳዝነኛል» ይበሏት። የእርስዎ ቁጣ ስለ ዲቪ ሲነድ፣ እሷ የተባለችው ነገር ተረስቶ ቀርቷል። ልጁንም ለብቻው «እህትህን እንደዚያ ማለት በዚህ ቤት አይቻልም» ይበሉት። በዚህ ላይ አይከራከሩ። እናቱ ሌሊት ሠርታ እንደምታበላውም ያስታውሰው። ትንታኔ አያስፈልገውም።

ካልቀረ ሥጋቱንም ልንገርዎት። ሰው ሊጎዳ እንደሚፈልግ ከተናገረ፣ ስለ ጦር መሣሪያ ደጋግሞ ማንሳት ከጀመረ፣ ግድያን እያደነቀ ካወራ፣ ወይም ሥራና ትምህርቱን ትቶ ክፍሉን ዘግቶ ከተቀመጠ፣ ያ ሌላ ነገር ነው። ጉዳት ከቀረበ ወደ 911 ይደውሉ። ራሱን የመጉዳት ነገር ከታየበት 988 ቀንም ሌሊትም ይመልሳል፤ አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላሉ። ዋሽንግተን ያለው የአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ፔሪል የሚባል የምርምር ማዕከል አለው። ኢንተርኔት ላይ ወደ ጽንፍ ለሚሄዱ ልጆች ወላጆች መመሪያ ያዘጋጃል፤ በነፃ ይገኛል። ሴት ልጅዎ አውርዳ ልታነብልዎት ትችላለች። ከጻፉልኝ ነገር ግን ልጅዎ እዚያ የደረሰ አይመስለኝም። ይማራል፣ ይሠራል፣ ፋሲካ ቤት ውስጥ ተቀምጧል። «ውጣ» ሲባልም አልወጣም። ይህችን ልብ ብለዋታል? እኔ ተስፋ ያደረግኩት በእሷ ነው።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ወንድም። እሱ በዚህ ሰዓት ምን እያሰበ ይመስልዎታል? ወረቀቱ ያላለቀለት ሰው በየቀኑ ዜና እየሰማ ይጨነቃል። በዚህ ላይ የእህቱ ልጅ ውሸታም አለው። እርስዎ ደግሞ አፍረው ስልክ ሳይደውሉለት ሰንብተው ይሆናል። ዛሬ ማታ ይደውሉለት። ልጁን ወክለው ይቅርታ አይጠይቁ፤ የእሱን ዕዳ እሱ ይክፈል። «የልጄ አፍ አሳፍሮኛል፣ አንተ ግን የቤቴ ሰው ነህ፣ እሑድ ቡና ናልን» ይበሉት። ልጁ ይቅርታ ሊጠይቅ ወደ አጎቱ በራሱ ጊዜ እንዲሄድ ይተዉት። ሲሄድ ብቻውን ይሂድ፤ እርስዎ አብረው አይሂዱ፣ ምን እንደተባባሉም አይጠይቁ። አጎቱ ለምን እንደተሰደደ ከራሱ አፍ ቢሰማ፣ ከእርስዎ ትምህርት ይልቅ ይበቃዋል።

መኪና ውስጥ «ክፈትልኝ» ሲሉት የመጀመሪያ ቀን «አያስፈልግም» ሊልዎት ይችላል። «እሺ» ብለው ያድርሱት። በሚቀጥለው ሳምንት ደግመው ይጠይቁት። ከፍቶልዎት የሰማችሁት ማንን እንደሆነ ይጻፉልኝ፤ ከዚያ ቀጥሎ ምን ብለው እንደሚጠይቁት አብረን እናስባለን።